ኤልቫን ላንቻ የሄደች ቀን

ነገሩ የጀመረው በሐምሌ፣ እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች በአንድ ጃንጥላ ተጠልለው ካዛንቺስ የነበረው ግቢያችን ገቡና ሳሎናችን በር ላይ ቆሙ። ካፖርታቸው በዝናብ ርሷል። አባዬ ብድግ ብሎ ግቡ፣ ተቀመጡ አላቸው። ገቡ እንጂ አልተቀመጡም። ግድግዳው ሥር ተደርድረው ቆሙ። ከመካከላቸው ረጅሙ፣ በኋላ ጋሽ ተክሌ እንደሚባሉ ያወቅኩት፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሳሎኑን ከመኝታ ቤቱ ከሚለየው መጋረጃ ጀርባ ቆሜ በጠርዙ አጮልቃለሁ። ከኋላዬ አልጋው ጫፍ ላይ እታለም ተቀምጣለች። እታለም የአባዬ ታናሽ እህት ናት፤ ስሟ ሰናይት ነው፣ እታለም የምላት እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ ነርስ ስለሆነች ቀንም ሌሊትም ተረኛ እየሆነች ትሄዳለች። ያጠበችኝ፣ ያበጠረችኝ፣ ትምህርት ቤት ያደረሰችኝ እታለም ናት። ሽማግሌዎቹ የመጡት እሷን ለመጠየቅ ነበር።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን ከመስቀል ፍላወር በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አንድ አዛውንት አጠገቤ ተቀመጡ። ካፖርታቸውን ዝናብ መትቶታል። የእርጥብ ሱፍና የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዬን ሲሞላው ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ማንም አላየኝም፤ ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ ነው፣ አዛውንቱም በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። እኔ ግን መግቢያ አጣሁ። ግቢያችን ከፈረሰ ቆይቷል፣ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል። ያ ሽታ ግን ሳሎናችንን ከነመጋረጃው መልሶ አቆመብኝ።

ዓይናፋር ልጅ ነበርኩ። እንግዳ ሲመጣ ልጆች ወጥተው ይሳማሉ፤ እኔ አልጋ ሥር ነኝ። ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ አቤት የምለው ለራሴ ስለሆነ፣ አስተማሪው ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እያለ ቀሪ ይለኝ ነበር። ግቢያችን በር ላይ ሱቅ የነበራት እትዬ አስካለ ደግሞ ገና ስታየኝ፣ "በይ በጣትሽ አሳዪኝ፣ እንዳትደክሚ" ትለኛለች። ወላጆቼ አልተቆጡኝም። ግን እናቴ ለጓደኞቿ ስለኔ ስታወራ ድምጿን ዝቅ ስታደርግ እሰማለሁ፤ በሽተኛ ቤት ውስጥ እንዳለ ሁሉ።

በዚያ ዓመት ዲሽ አስገባን። ከውጭ የመጡ፣ በአማርኛ የሚናገሩ ተከታታይ ድራማዎች አዲስ የሆኑበት ጊዜ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከግቢው ቤቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ሙዚቃ ይወጣል። ጥግ ላይ ወዳለው የጋራ ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው በየበሩ እያዳመጠ ስለሚያልፍ አንድም ንግግር ሳያመልጠው ደርሶ ይመለስ ነበር።

ኤልቫንን ያገኘኋት እዚያ ነው። የአንድ ትልቅ ነጋዴ ሁለተኛ ልጅ ናት። መጀመሪያ ላይ እንደኔ ዝምተኛ ነበረች። ሌሎቹ ሲጯጯሁ እሷ ጥግ ላይ ሻይዋን ትጠጣለች። አንድ ማታ አባቷ የቤት ሠራተኛዋን ያለጥፋቷ ሊያባርራት ሲል፣ ኤልቫን ብርጭቆዋን ድምፅ ሳታሰማ አስቀመጠች። ተነሳች። ፀጉሯን ከግራ ጆሮዋ ኋላ አደረገች። አገጯን ቀና አድርጋ፣ "አባቴ፣ ዝም ያልኩት ፈርቼ አይደለም። ሰዓቱን እየጠበቅኩ ነው" አለችው።

እታለም "ውይ፣ የኔ አንበሳ" ብላ ጭኔን በጥፊ መታችኝ። እኔ መተንፈስ ረስቻለሁ። እስከዚያች ማታ ድረስ ዝም ማለቴን እንደ ኩፍኝ ያለ ነገር አድርጌ ነበር የማየው። አሁን አንዲት ቆንጆ ሴት፣ በሚያምር አዳራሽ ውስጥ፣ የኔኑ ዝምታ ይዛ ሁሉን ሰው ፀጥ አሰኘችበት።

ከዚያ በኋላ የቁምሳጥኑ መስታወት ፊት ቆሜ መለማመድ ጀመርኩ። ብርጭቆ ማስቀመጡን፣ አነሳሷን፣ ፀጉሯን፣ አገጯን። እኛ ግቢ "ይህን ማድረግ አትችልም" የሚል ሰው አልነበረም፤ "ኧረ ተው" ነው የሚባለው። እኔ ግን ድመቷን ሳይቀር "ይህን ማድረግ አትችይም" እላት ጀመር። የኤልቫን ከንፈርና የአማርኛው ድምፅ ስለማይገጥሙ፣ አፏን ከዘጋች በኋላ አንድ ሁለት ቃል ይተርፋል። ይህ የትልቅ ሰው አነጋገር መስሎኝ ነበር። አፌን ገጥሜ ዓረፍተ ነገሬን ለመጨረስ ስሞክር እታለም አይታኝ ጥርሴን የሚያመኝ መስሏት ጉንጬን ዳበሰችኝ።

አንድ ቀን እትዬ አስካለ ሱቅ ተራ ስጠብቅ አንድ ጎረምሳ በጭንቅላቴ ላይ እጁን አሳልፎ የሞባይል ካርድ ጠየቀ። ፀጉሬን ከግራ ጆሮዬ ኋላ አደረግኩ።

"ዝም ያልኩት ፈርቼ አይደለም። ሰዓቱን እየጠበቅኩ ነው" አልኩት።

ጎረምሳው ዞሮ ቁልቁል አየኝ። "የስንት ሰዓቱን ነው የምትጠብቂው?" አለ።

የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እትዬ አስካለ ግን ሳቋን ሳትጨርስ ዳቦዬን ከሱ አስቀድማ ሰጠችኝ። ሠርቷል ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢው ልጆች ባለፍኩ ቁጥር "ኤልቫን፣ ሰዓቱ ደረሰ?" ይሉኝ ነበር። ሊያበሽቁኝ ነው። እኔ ግን አዲስ ስም በማግኘቴ ደስ ብሎኝ አገጬን ቀና አድርጌ አልፋለሁ። እታለምም ደስ ብሏት ነበር መሰለኝ፣ ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን በግራ ከፍላ እንደ ኤልቫን ትሠራልኛለች። ይቺ ልጅ አፍ አወጣች እያለች ለእናቴ ስትነግራት ሰምቻለሁ።

ወደ እሁዱ ልመለስ። አባዬ ደጋግሞ ሲለምናቸው ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ ተቀመጡ። ጋሽ ተክሌ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ልጃችሁን ሰናይትን ለልጃችን ለብርሃኑ እንድትሰጡን ነው አመጣጣችን አሉ።

ብርሃኑን አውቀዋለሁ። ላንቻ ከእናቱ ጋር የቀለምና የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ እታለም ለሜሮን፣ ለኔ ማለቷ ነው፣ ጫማ ልገዛላት ነው ብላ ይዛኝ ትወጣለች። ጫማ ገዝተን አናውቅም። እሷ የምትሠራበት ካፌ አጠገብ ካለ ሌላ ካፌ ገብተን ብርሃኑ ለኔ አይስክሬም ያዛል፣ ጥፍሩ ሥር የደረቀ ነጭ ቀለም አለ፣ እታለም ያለምክንያት ትስቃለች። በሱቁ በር ያለፍንባቸው ቀናትም ነበሩ፤ ግን እናቱ እንዳያዩን ራመድ ራመድ ብለን ነው። ያየሁትን ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች። ከኔ በቀር የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

አባዬ ሶፋው ላይ ተደላደለ። ከዚያ እኔ በማላውቀው ወፍራም ድምፅ፣ "ድንገተኛ ነገር ነው" አለ። "ልጅቷንም አልጠየቅናት። ዘመድም አለን። እንዲህ በቀላሉ የምመልሰው አይደለም። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።"

ሦስቱም ተነስተው እጅ ነሱ። እናቴ፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢውን እንኳ ሳታበላ የማትሸኝ ሴት፣ ከጓዳ አልወጣችም። ሽማግሌዎቹ ውሃ እንኳ ሳይቀርብላቸው ወደ ዝናቡ ወጡ። ዞር ስል እታለም ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ትራሱ ላይ ተደፍታለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

አባቴ የእታለምን ሕይወት አበላሸ ብዬ አሰብኩ።

በዚያ ሳምንት ያየሁት ሁሉ ይህንኑ አጠናከረልኝ። እታለም ምግብ ዘጋት። ጨጓራዋ ነው፣ ቀድሞም ሲጨንቃት እንዲህ ያደርጋታል፤ ጠዋት ጠዋት ያስመልሳት ነበር፣ ነጩን የጨጓራ ሽሮፕ እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። በረንዳ ላይ ወጥታ በስልክ ታንሾካሹካለች። እናቴ መጋረጃ አውርዳ አጠበች፣ የሶፋ ልብስ ቀየረች፤ የባሏ እህት በሐዘን ስትሞት እሷ ስለ ሶፋ ታስባለች አልኩ። አባዬ ደግሞ ጢሙን ሲላጭ ያፏጫል። አባዬ አፏጭቶ አያውቅም። ጭካኔው ገረመኝ።

ረቡዕ ማታ በድራማው የኤልቫንን ታላቅ እህት ሊያገባ የመጣ ሰው በአባትየው ተባረረ። እህቷ ትራስ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ልክ እንደ እታለም፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ኤልቫን ኮቷን ለበሰች። በዝናብ ወደ ሰውየው ቤተሰቦች ቤት ሄደች፣ ሳሎናቸው መሃል ቆማ እህቷ ሰውየውን እንደምትወደው፣ የአባቷ ቃል የእህቷ ቃል እንዳልሆነ ተናገረች። የሰውየው እናት እያለቀሰች አቀፈቻት። ሙዚቃ ገባ። ዞሬ እታለምን አየኋት፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እንባዋን እንደ ጥያቄ ቆጠርኩት።

ሐሙስ ጠዋት ለክረምት ትምህርት ወጣሁ ብዬ ከካዛንቺስ ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ ወረድኩ። ከዚያ የባቡሩን መስመር ተከትዬ ላንቻ ደረስኩ። ብቻዬን ያን ያህል ርቄ ሄጄ አላውቅም። ካፊያ ነበር፤ ጃንጥላ ብይዝም አልዘረጋሁትም፣ ኤልቫን አልዘረጋችማ።

ብርሃኑ አልነበረም፣ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ሄዷል። እናቱ እትዬ ዘነበች ባንኮኒው ጀርባ ቆመዋል፤ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ያሰሩ፣ ግዙፍ ሴት ናቸው። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ጋሽ ተክሌ ጋዜጣ ያነባሉ። ጎረቤታቸው ናቸው፣ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ቀኑን የሚያሳልፉት እዚያ አግዳሚ ላይ መሆኑን በኋላ ሰማሁ። ካፖርታቸው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ሱቁ የናፍታሊንና የቀለም ማቅጠኛ ይሸታል።

እትዬ ዘነበች ምን ልስጥሽ የኔ ልጅ አሉኝ። ሱቁ መሃል ቆምኩ። ፀጉሬን፣ አገጬን።

"እትዬ፣ ይህን መስማት አለብዎት" አልኩ። "አክስቴ ሰናይት ልጅዎን ትወደዋለች። እምቢ ያለው አባቴ ነው፣ የእሱ ቃል የእሷ ቃል አይደለም። በየቀኑ ታለቅሳለች። እባካችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ባይሰጧችሁም ውሰዷት።"

የመጨረሻውን ቃል አፌን ገጥሜ ጨረስኩት።

ማንም አላቀፈኝም። ጋሽ ተክሌ ጋዜጣቸውን ቀስ ብለው አጠፉት። "ማን ላከሽ?" አሉኝ።

"ማንም። ልቤ ነው የላከኝ።"

እትዬ ዘነበች ከባንኮኒው ጀርባ ወጥተው መጡ። ከብርሃኑ ጋር ከተዋወቁ ምን ያህል ጊዜ እንደሆናቸው ጠየቁኝ። መሐላዬ ትዝ አለኝ፣ ግን ኤልቫን እውነትን አትደብቅም፤ ሦስት ዓመት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔም አብሬያቸው እሆናለሁ አልኩ። እትዬ ዘነበች ወደ ጋሽ ተክሌ ዞረው፣ "ታዲያ ሦስት ዓመት የታገሱት ሰዎች አሁን ልጅ እስኪልኩ ምን አስቸኮላቸው?" አሉ። ከዚያ ወደኔ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን አለሰለሱ።

"አክስትሽ ግን ደህና ናት? ትበላለች?"

"አትበላም" አልኩ። "የበላችውም አይረጋላትም። ጠዋት ጠዋት ያስመልሳታል።" ይህ ብቻውን አነሰብኝና ጨመርኩበት። "ከፍቅር የመጣ ሕመም ነው።"

እትዬ ዘነበች የቀለም ባልዲ ላይ ቁጭ አሉ። ጋሽ ተክሌ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ፣ ከዚያ ዝናቡ ሳይጠነክር ወደ ቤትሽ ሂጂ አሉኝ። ሁለቱም ዝም ማለታቸውን ልባቸው ተነክቶ ነው ብዬ ተረጎምኩት። እስከ መስቀል አደባባይ ድረስ ጆሮዬ ውስጥ ሙዚቃው አልቆመም።

አርብ ማታ ድራማው እንደጀመረ የእታለም ስልክ ጠራ። በረንዳ ላይ ወጣች። እኔ ሻይ ይዤ ምንጣፉ ላይ ነኝ፣ አባዬ ሶፋው ላይ የማያይ መስሎ ያያል፣ እናቴ ተረኛ ናት። እታለም ስትመለስ ሪሞቱን አንስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ኤልቫን እየተናገረች ነበር።

"ላንቻ ሄደሽ ነበር?" አለችኝ።

ብርጭቆዬን ድምፅ ሳላሰማ አስቀመጥኩ። ተነሳሁ። እጄ ራሱ ወደ ጆሮዬ ሄደ። "እታለም፣ ዝም ያልኩት ፈርቼ..."

"የሷን ተዪው" አለች። አልጮኸችም። "በራስሽ አፍ ንገሪኝ።"

አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። ያን ክረምት ሙሉ የራሴን ድምፅ ስላልተጠቀምኩበት የት እንዳስቀመጥኩት የጠፋኝ ያህል ነበር። ከዚያ እየተንተባተብኩ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ ነገርኳት። ትራሱን፣ ትከሻዋን፣ ዝናቡን፣ ባልዲውን። "ያስመልሳታል" የሚለው ቃል ላይ ስደርስ አባዬ ተነስቶ በረንዳ ላይ ወጣ።

ሲመለስ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ። "ሜሪዬ፣ እኔ እኮ እምቢ አላልኩም" አለኝ። "ቀጠሮ ነው የሰጠሁት። እምቢ የሚል ሰው ቀጠሮ ይሰጣል?"

አፍንጫዬን በመሐረቡ ጠረገልኝ።

"እንደዚያ ነው የሚባለው። ወዲያው እሺ ከተባለ ልጅቷ ትረክሳለች። ስለዚህ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ከዚያ እሺ ይባላል፣ ከዚያ ይበላል፣ ይጠጣል።"

"ቀኑን የመረጠው ራሱ ነው" አለች እታለም። "እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ይሁን፣ ከዚያ በፊት ዕድር አለብኝ ብሎ። እና ድምፁን አወፍሮ ድንገተኛ ነገር ነው ሲል እኔ አልጋው ላይ በሳቅ ልሞት ነበር። ሳቄ እንዳይሰማ ነው የተደፋሁት። አንቺ ሳቅና ልቅሶ አትለዪም?"

አሁን ግን እያለቀሰች ነበር። ልዩነቱን አየሁት። ስታለቅስ ትከሻዋ አይንቀጠቀጥም፤ ዝም ብላ ቀጥ ብላ ነው የምታለቅሰው።

ብርሃኑ የነገራትን ከሁለቱ ንግግር ቀስ በቀስ ገጣጠምኩት። እናቱ ሽማግሌዎቹ በቀጠሮው አይሄዱም ብለዋል። አንደኛ፣ የሴት ወገን ውሰዱልን ብሎ ልጅ የሚልክበት አገር አይተው አያውቁም። ሁለተኛ፣ እስከ ጥር እንቆይ፣ እስከዚያ ሆዷ ራሱ ይናገራል ብለዋል። ብርሃኑ ከእናቱ ጋር ተጣልቶ ከቤት ወጥቶ ነው የደወለው። ሆዷ ይናገራል የሚለው አልገባኝም ነበር፤ እታለም ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ሳያት ገባኝ። የገባኝን ያህል ምንጣፉ ውስጥ መግባት ፈለግኩ።

እታለም፣ "የሐኪም ወረቀት ይዤ ልሂድና ላሳያቸው?" አለች። እንዲህ ባለ ድምፅ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም፤ ትንሽ ልጅ መሰለች።

"አንቺ ወረቀት ይዘሽ የትም አትሄጂም" አለ አባዬ።

እሱም መሄድ አይችልም። የልጅቷ ወንድም ወደ ልጁ ቤት ደጅ ሊጠና ከሄደ ያሉት ሁሉ እውነት ይሆናል። ዘመድ ቢልክ ያው ነው። እናቴ ብትሄድም ያው ነው። እያንዳንዱን ሰው እያነሱ ጣሉት። ከቤታችን ማንም ወደዚያ ሱቅ እግሩን ሊያነሳ አይችልም ነበር፣ ቀድሞ ከሄደችው በቀር፤ የሷን ስም ግን ማንም አላነሳም።

አልመቱኝም። እታለም እንደ ሁልጊዜው ብርድ ልብሴን አስተካከለችልኝ። ፀጉሬን ግን አልነካችውም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ስተኛ ሳሎን ውስጥ አባዬ፣ ልጅ ናት፣ ምን ታደርጊዋለሽ ሲላት ሰማሁ። ምን ብላ እንደመለሰች አልተሰማኝም።

በማግስቱ ጠዋት እታለም ሳትነሳ ተነሳሁ። መስታወቱ ፊት አልቆምኩም። በግራ የተከፈለውን ፀጉሬን በውሃ አርሼ ወደ ኋላ በላስቲክ አሰርኩት። ለአባዬ ምንም አላልኩትም፤ ምን እንደምል አላውቅም ነበርና። እስከ ላንቻ ድረስ የምናገረውን ለማጥናት ሞከርኩ፣ ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ በኤልቫን ድምፅ እየመጣ ሲያስቸግረኝ ተውኩት። ዝናቡ ከባድ ነበር። ጃንጥላዬንም ረስቼ ነው የወጣሁት።

እትዬ ዘነበች የሱቁን መዝጊያ እየከፈቱ ነበር። ጋሽ ተክሌ ደርሰዋል፤ ካፖርታቸውን ገና አላወለቁም።

"ደግሞ መጣሽ?" አሉ እትዬ ዘነበች። "ዛሬስ ማን ላከሽ፣ ልብሽ?"

ዓይኔን ከወለሉ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። "ጨጓራ ነው" አልኩ።

"ምን?"

"ጨጓራ ነው ያለባት። ሲጨንቃት ያስመልሳታል፣ ድሮም። አባዬ እምቢ አላለም። እኔ ነኝ ያልገባኝ። አላለቀሰችም፤ እየሳቀች ነበር።"

"ለምን ትስቃለች?"

"አባዬ ድምፁን ስላወፈረ።"

ጋሽ ተክሌ ሳል ያዛቸው፤ ወይም እንደዚያ አስመሰሉ። እትዬ ዘነበች እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ። ያን ሁሉ ንግግር ታዲያ ከየት አመጣሽው አሉኝ። ከድራማ አልኩ። የትኛው? የማታ ሁለት ሰዓቱ፣ ኤልቫን። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር አለፈ።

"ያቺ አባቷን የምታዋርደው?"

"አዎ።"

"እኔም እኮ የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ እያልኩ ነበር" አሉ፣ ለጋሽ ተክሌ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ "ግቢ ተቀመጪ፣ ረጥበሻል" አሉኝ።

ገባሁ። ግድግዳው ሥር፣ በቀለም ባልዲዎቹ መሃል ቆምኩ። ድጋሚ ተቀመጪ አሉኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ቃል አልነበረኝም፤ ኤልቫንም የምትለው ነገር አልነበራትም። ትዝ ያለኝ ሦስቱ ሰዎች ብቻ ናቸው፣ እርጥብ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ግድግዳችን ሥር ቆመው። እጆቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ፣ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ከፀጉሬ የሚንጠባጠበው ውሃ ወለሉን አራሰው። እንዲህ ማፈሬን ሰው ሁሉ እንደሚያየው አውቃለሁ፣ የምደብቅበት ቦታ ግን አልነበረኝም።

ቧንቧ የሚገዛ ሰው ገባ፤ እትዬ ዘነበች አስተናገዱት። ሰውየው ወደኔ እያየ ወጣ። ቆሜያለሁ። ወለሉን ጠረጉ፣ በእግሬ ዙሪያ ሲደርሱ መጥረጊያውን አዞሩት። ቆሜያለሁ።

ጋሽ ተክሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። "ዘነቡ" አሉ፣ "ይቺ ልጅ ካልመለስሽላት አትቀመጥም።"

እትዬ ዘነበች መጥረጊያውን አስደገፉት። ለረጅም ጊዜ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"እሺ። ለአባትሽ በቀጠሯችን እንመጣለን በዪው" አሉ። ወዲያው እጃቸውን አነሱ። "ቆይ፣ ተዪው። አንቺ ለማንም ምንም እንዳትናገሪ። ጋሽ ተክሌ ይደውሉላቸዋል።"

ያኔ ተቀመጥኩ።